ወሲላን ያማራት ኦክቶፐስ

ጂላኒ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ሚስቱ ሳልሃ ከጓዳ ወጥታ ፊቱ ተገተረች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። አርባ አንድ ዓመት አብረው ስለኖሩ ይህ አቋቋም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ወይ የጎደለ ነገር አለ፣ ወይ እሱ ያጎደለው ነገር አለ።

"ልጅቱን አማራት" አለችው።

"ምን አማራት?"

"ኦክቶፐስ።"

ጂላኒ መርፌውን አቆመ። ሰኔ ከገባ አሥር ቀኑ ነው። ኦክቶፐስ ደግሞ ከግንቦት አንሥቶ ጥቅምት እስኪገባ አይነካም፤ እንቁላል የምትጥልበት፣ ባሕሩም የሚያርፍበት ወራት ነው። በቀርቀና ደሴት ይህን ከጂላኒ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከጂላኒ የበለጠ ያወራበትም የለም።

"የደረቀ አለ አይደለም እንዴ? የብርዱን ወራት ሙሉ ጣራው ላይ ስትሰቅዪ አልነበረም?"

"በገብስ ሾርባ ሠርቼ ሰጠኋት፤ አንድ ማንኪያ ሳትውጥ አስመለሳት። የኸሊፋ ሚስት ከማቀዝቀዣ አውጥታ አመጣችላት፤ የዚያንም ሽታ አልቻለችም። ትኩሱን ነው የምትለው። ከባሕር እንደወጣ።"

"ሌላ ነገር ቢያምራትስ?"

"እሺ፣ ግባና ለሆዷ ንገረው" አለች ሳልሃ።

የሚገርመው የልጃቸው ሚስት ወሲላ የባሕር ሰው አይደለችም። ከቀይራዋን ነው ያመጧት፣ ከመሀል አገር። በሠርጓ ማግስት ሳልሃ ሥጋው እንዲለሰልስ ኦክቶፐስ ድንጋይ ላይ ስትወቅጥ አይታ እናቴ ዘንድ መልሱኝ ብላ አልቅሳ ነበር። አሁን ያችው ልጅ በሕልሟ ሳይቀር ይሸታት ጀመር።

እርጉዝን ያማራትን መከልከል በደሴቱ ትልቅ ነውር ነው። አምሮቷን የሰማ ሁሉ፣ ጠላትም ቢሆን፣ ያለውን ይዞ ይመጣል። ካላገኘች የልጁ ገላ ላይ ምልክቱ ይቀራል ይላሉ። አበሻ ማርያም ስማው ነው ብሎ የሚያልፈውን ምልክት ሳልሃ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሏን ስትከስበት ኖራለች፤ ልጃቸውን ረዑፍን ስታረግዝ በመጋቢት ወር ሮማን አምሯት ጂላኒ አላገኘላትም ነበር። የረዑፍ ጆሮ ግንድ ላይ አሁንም እንደ ሮማን ቅርፊት የቀላ ነገር አለ። በተጣሉ ቁጥር "ዞር በል እስቲ ልጄ፣ አባትህ የሠራውን ይይ" ትለዋለች።

ወሲላን ያሰጋት ግን ምልክት አልነበረም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ በአምስተኛው ወር አስወርዷታል። ይሄኛው አምስተኛ ወሩን ከያዘ ሳምንቱ ነው። ማክሰኞ ዕለት ትንሽ ደም ታያትና አዋላጇ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘቻት። ከዚያ ወዲህ እህል የሚባል አልቀመሰችም። ባሏ ረዑፍ ባሕር ማዶ ስፋክስ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ስለዚህ ያንን ሆድ የሚጠብቁት ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁለቱም ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውን ግን እርስ በርስ እንኳ አይነጋገሩትም።

ጂላኒ ገብቶ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመ። ልጅቱ ፊቷ ገርጥቷል። ትራሷ አጠገብ ሳልሃ ያስቀመጠችው ዳቦና የወይራ ዘይት ሳይነካ ቁጭ ብሏል።

"አባባ፣ ይተዉት" አለችው። "እማማ ናት ነገር የምታገን። ያልፍልኛል።"

"ይለፍልሽማ። ግን እስኪያልፍ ብዪ።"

"ይህን ጉሮሮዬን እሺ ያሰኙልኝ" አለችና ለመሳቅ ሞከረች። ጂላኒ ያንን ሳቅ ማየት አልወደደም።

የጂላኒ ችግር ምን መሰላችሁ? ከሰባት ዓመት በፊት ገንቦዎቹ ባዷቸውን መውጣት ጀምረው ነበር። በቀርቀና ኦክቶፐስ የሚያዘው በመረብ አይደለም፤ ባዶ የሸክላ ገንቦ በገመድ ተቀጣጥሎ ባሕር ወለል ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ደግሞ ጉድጓድ ወዳድ ናትና ቤት ያገኘች መስሏት ትገባለች። በዚያን ዘመን ግን ክረምት ከበጋ ሳይሉ ስለሚያወጡ የሚገባ ጠፋ። ያን ጊዜ ጂላኒ ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጁን ሁሉ ሰብስቦ "ላም እንኳ እረፍት ካላገኘች ትነጥፋለች" ብሎ ተናገረ። ሽማግሌውም ጎረምሳውም ተስማማ፤ ሁሉም ገንቦውን ግንቦት ላይ ያነሣል፣ ያላነሣ በራሱ እጅ ይሰብራል ተባለ። በዓመቱ ጎረቤቱ ኸሊፋ ሐምሌ ላይ ተደብቆ ጥሎ ተገኘ። ያገኘውም ጂላኒ ነው። ኸሊፋ "ረስቼው ነው" ቢል ጂላኒ በሰው ፊት "ውሸታም!" ብሎት ስድሳ ገንቦ በገዛ እጁ አሰበረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታቸው ሳልና ጉሮሮ መጥረግ ሆኖ ቀረ። ኦክቶፐሱ ግን ተመለሰ፤ ይህን ኸሊፋም አይክድም።

እንግዲህ ማንም የማያውቀው ነገር አለ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሁሉም ገንቦውን ሲያነሣ የጂላኒ አንድ ገመድ፣ አርባ ገንቦ ያለው፣ ባሕር ውስጥ ቀርቷል።

ሆን ብሎ አይደለም። የደሴቱ አጥማጅ ገመዱ ላይ ተንሳፋፊ ምልክት አያስርም፤ ቢያስር ሌባ ያነሣበታል። ቦታውን የሚይዘው መሬት ላይ ባለ ነገር ነው፤ ከጀልባው ሆኖ ሲያይ የመስጊዱ ማማ ከአንድ ረጅም የተምር ዛፍ ጀርባ ሲገባ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ የአሮጌው ምሽግ ጥግ ከዓሣ በረዶ ፋብሪካው ጭስ መውጫ ጋር ሲገጥም፣ ገመዱ ከጀልባው ሥር ነው። ያንን የተምር ዛፍ በሚያዝያ አንድ ወራሽ ቤት ልሥራ ብሎ ቆረጠው። ጂላኒ ሦስት ቀን ሙሉ በመንጠቆ የባሕሩን ወለል ሲቧጥጥ ዋለ፤ አላገኘም። በመጨረሻው ቀን ወደቡ ላይ "ሁሉም ተነሥቷል?" ተብሎ ሲጠየቅ "ተነሥቷል" አለ። አፉ ነው ያለው፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ቃሉን ይመልስ ዘንድ ኩራቱ አልፈቀደለትም፤ ኸሊፋን ያስብና ምላሱ ይታሰርበታል።

ልጅቱን አይቷት ከወጣ በኋላ ይህን ለሳልሃ ነገራት። ትሰድበኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና፣

"ዛፉ የነበረበትን ቦታ ታውቀዋለህ?" አለችው።

"ጉቶው አለ።"

"እንግዲያው እኔ ዛፍ እሆንልሃለሁ።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጂላኒ ጀልባውን ይዞ ወጣ። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ በረጅም ዘንግ ወለሉን እየገፋ ሄደ። ዞር ብሎ ሲያይ ሳልሃ ጉቶው ላይ ወጥታ ተምር የሚያወርዱበትን ረጅም ዘንግ አቁማ፣ ጫፉ ላይ የሠርጋቸውን ነጭ አንሶላ አስራ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቷ እንደ ባንዲራ ሰቃይ ቀጥ ብላለች። ሳቁ መጣ። ማማው ከአንሶላው ጀርባ እስኪገባ ገፋ፤ የምሽጉም ጥግ ከጭስ መውጫው ጋር ገጠመ፤ መንጠቆውን ጣለ። በአራተኛው ሙከራ ገመዱን ያዘው።

መጎተት ጀመረ። የመጀመሪያው ገንቦ አሸዋ ነው። ሁለተኛው ተሰብሯል። ሦስተኛው ውስጥ ሸርጣን፣ አራተኛው ባዶ። ሃያ ደረሰ፣ ሠላሳ ደረሰ፤ ባዶ። "አንዲት ብቻ" ይል ነበር በልቡ፤ "አንዲት ብቻ ለልጅቱ፣ ሌላውን እመልሳለሁ።" ሠላሳ ስምንተኛው ሲወጣ ከበደው። የገንቦው አፍ በጠጠርና በዛጎል ተደፍኗል።

ኦክቶፐስ በሯን እንዲህ የምትዘጋው ከውስጥ ሆና ነው። ጂላኒ ጠጠሩን ጠርጎ እፍኝ ጨው በተነባት፤ ጨው ሲነካት የማትወጣ የለችም። ይህቺ አልወጣችም። ደገመላት። ክንዶቿን ሰብስባ ወደ ውስጥ ይበልጥ ተጣበቀች። ገንቦውን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ አየ።

እንቁላሎቹ ከገንቦው ጣሪያ በክር በክር ተንጠልጥለዋል፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ነጫጭ፣ ቁጥር የሌላቸው። እሷ ከሥራቸው ሆና በክንዶቿ ጫፍ ቀስ እያለች ታሻቸዋለች። ጨው ዐይኗ ውስጥ ገብቶ እንኳ አላቆመችም። ከስታለች፤ ቆዳዋ ነጥቷል።

ጂላኒ ባሕር ላይ ሃምሳ ዓመት ሠርቷል፤ ይህን ያየው ስንትና ስንት ጊዜ ነው። አባቱ እንዲህ ያለ ገንቦ ሲያገኝ እንቁላሉን በእጁ ጠርጎ ይጥልና እናቲቱን ቅርጫት ውስጥ ይወረውራት ነበር። እሱም በልጅነቱ ያንኑ አድርጓል። ዛሬ እጁ አልታዘዝ አለው። ግን ባዶ እጁን ቢመለስስ? ልጁ ቢጠፋስ? አምሮት ልጅ አያስወርድም ብሎ አዋላጇ ትናገራለች፤ እሱም ያምናታል፤ ሌሊት ወሲላ ስታቃስት ሲሰማ ግን አያምናትም። ያ ልጅ ከቀረ ሳልሃ ምንም አትለውም፤ እሱ ግን ይህቺን ገንቦ ዕድሜ ልኩን ያስባታል።

ገንቦውን ታቅፎ ውሃ እያፈሰሰባት ሳለ የሌላ ጀልባ ዘንግ ድምፅ ሰማ። ኸሊፋ ነው። ወፍራም፣ ሁልጊዜ ግማሽ ጢሙን የተላጨ የሚመስል ሰው ነው።

"ሚስትህ ጉቶ ላይ ወጥታ አንሶላ ታውለበልባለች" አለ ኸሊፋ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። "ምን ሆነሽ ነው ብላት ልብስ እያሰጣሁ ነው አለችኝ። ምስኪን፣ ውሸት አትችልበትም። ቤታችሁ ውስጥ የሚችልበት አንተ ነህ።"

ጂላኒ እፍኝ ውሃ ገንቦው ውስጥ ጨመረ።

"ሁሉም ተነሥቷል አልነበር ያልኸው? በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ብያለሁ።"

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! የኔን ስድሳ ገንቦ ስታሰብረኝ አንዱን እንኳ በእግርህ አልነካኸውም። በእጅህ ስበር አልኸኝ።"

"ያዝኸኝ፣ ኸሊፋ። ወደቡ ላይ ንገር። እኔ ራሴ እነግራለሁ። እሰብረዋለሁም።"

ኸሊፋ ይህን አልጠበቀም። ስድስት ዓመት ያዘጋጀው ስድብ አፉ ውስጥ ቀረ። ወደ ገንቦው አየ፤ ከዚያ ወደ ጂላኒ ፊት።

"ለወሲላ ነው?" አለ።

"ለወሲላ ነው።"

"ሚስቴ ነግራኛለች። የሰጠቻትንም አስመለሳት አለችኝ።" ጢሙን አሻሸ። "ውሰድላት እንግዲህ። እኔ አላየሁም። ከእርጉዝ ጋር አልጣላም።"

"ና እይ መጀመሪያ።"

ኸሊፋ ጀልባውን አስጠግቶ ወደ ገንቦው ውስጥ አጮለቀ። ረጅም ጊዜ አጮለቀ።

"ወላድ ናት" አለ።

"ወላድ ናት።"

"ሥጋ እንኳ የላትም፤ ቢቀቅሏት የጫማ ሶል ነው።"

"ለልጅቱ አንድ ጉርሻ ይበቃታል።"

"እና ምን ትጠብቃለህ?"

"እጄ አልሄድ አለኝ" አለ ጂላኒ። "አልወስዳት ነገር፣ ልጆቿ አሉ። አልመልሳት ነገር፣ የወሲላ ልጅ አለ።"

ኸሊፋ ተቆጣ። "አንተ ምን ሆነህ ነው ሁሉን የምትወስነው? ባሕሩን አንተ ትዘጋለህ፣ ገንቦውን አንተ ታሰብራለህ። አሁን ደግሞ አንተ ነህ ያረገዝኸው? ያማራት እሷ ናት፤ እሷ ትወስን።"

ጂላኒ ገንቦውን ከገመዱ ፈታ። ትልቁን ሳፋ የባሕር ውሃ ሞልተው ገንቦውን ከነእናቲቱ አጋደሙት፤ ሌላውን ገመድ ጀልባው ላይ ከመሩት። ሳፋው ለአንድ ሰው ከባድ ስለነበር ኸሊፋ ሳይጠየቅ አንዱን ጆሮ ያዘ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ውሃው እንዳይፈስ እግራቸውን እየቆጠቡ መንደሩን አቋረጡ። መንደሩም በየበሩ ወጥቶ አያቸው። ጂላኒ አንገቱን አልደፋም፤ የሚያፍርበት ነገር ካለ ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ያፍርበታል።

ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡት። ሳልሃ ጉድ አለች፤ "እኔ የምትበላ አምጣ ብዬ እንግዳ ይዘህብኝ መጣህ?"

"ዝም በይና ልጅቱ ትይ" አለ ጂላኒ።

ወሲላ በክርኗ ተደግፋ አጎንብሳ አየች። መጀመሪያ እንቁላሎቹን ዶቃ መስለዋት ነበር። ጂላኒ ነገራት፤ ሳያሳምር፣ አጭር አድርጎ።

"እነዚህ ሁሉ ልጆቿ ናቸው?"

"ሁሉም።"

"ለምን ትነካካቸዋለች?"

"ካላሻቸቻቸው ይታፈናሉ። ሌት ተቀን ውሃ ትነፋባቸዋለች።"

"መቼ ትበላለች ታዲያ?"

"አትበላም። አርባ ቀን ሊሆን ይችላል። ሸርጣን በበሯ ቢያልፍ እንኳ አትነካውም።"

ወሲላ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች። አንዲት ክንድ ከገንቦው ወጥታ ጣቷን ዳሰሰችውና ገፋችው። በሕፃን እጅ ያህል ጉልበት ነው የገፋችው። ልጅቱ እጇን አወጣች፤ እንባዋ መጣ።  እንባው እስኪያልፍ ጠበቋት።

"እኔ ሦስት ቀን አልበላሁም ብዬ ሰውን ሁሉ አስጨነቅሁ" አለች በመጨረሻ።

"አንቺ ሌላ ነገር ነሽ" አለች ሳልሃ።

"አይ እማማ፣ ያው ነኝ።" ዐይኗን ጠረገች። "ይመልሷት አባባ። ውሃው ሳይሞቅባት። ጥቅምት ሲገባ ትኩሱን ያመጡልኛል፤ ያኔ ሁለት ሆነን እንጠብቅዎታለን።"

ይህን ብላ ትራሷ አጠገብ ያለውን ዳቦ አነሣች። ዘይቱን አስነክታ ቁራሽ ጎረሰች። ጂላኒ ሳያስበው ትንፋሹን ያዘ፤ ሳልሃም ያዘች። ልጅቱ አኘከች፣ ዋጠች። አላስመለሳትም። ሁለተኛውን ቁራሽ አነሣች፤ ግን ወደ አፏ ሳታደርስ እጇ ቆመ።

"ከተፈለፈሉ በኋላስ?" አለች። "እሷ ምን ትሆናለች?"

 ሳልሃ ሳፋው አጠገብ የፈሰሰውን ውሃ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ደሴቱ ላይ የተወለደ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ ከቀይራዋን የመጣ አያውቅም። ልጆቹ ከእንቁላል ወጥተው ውሃው ውስጥ ሲበተኑ እናቲቱ ያለቀላት ናት። ነሐሴ ላይ እነዚያ እናቶች ነጥተው፣ አልቀው፣ ዳር ላይ ተጥለው ይገኛሉ፤ የባሕር ወፎች ይናጠቋቸዋል። አንዲት እንኳ ተርፋ አታውቅም።

"ትበላለቻ" አለ ጂላኒ። "ሸርጣኑን ሁሉ ትጨርሰዋለች። ስትጠነክር ወደ ጥልቁ ትወርዳለች።"

"አይተው ያውቃሉ?"

"በዐይኔ።"

ወሲላ ፊቱን መረመረችው። አማቷ ለእሷ ሲል ምን እንደሚያደርግ ዛሬ በዐይኗ አይታለች፤ ስለዚህ ወደ ኸሊፋ ዞረች።

"አጎቴ ኸሊፋ፣ እርስዎ ለአባባ አያዳሉም። እውነቱን ነው?"

ኸሊፋ ጂላኒን አየው። በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም የተባለ ሰው ነው፤ ያችን ቃል ለባለቤቷ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣለትም። ጂላኒም ይህን ያውቃል፤ ዐይኑን ሳፋው ላይ ተክሎ ጠበቀ።

"እውነቱን ነው፣ ልጄ" አለ ኸሊፋ። "ዓምና እኔም አንዷን ከነልጆቿ አግኝቻታለሁ። ወፍራ ወፍራ ገንቦ አልበቃት ብሎ ነበር።" ምን ያህል እንደወፈረች በሁለት እጁ አሳያት።

ወሲላ ቁራሹን ጎረሰች።